የትዕማር ጩኸት

መሥሪያ ቤቴ ሐዋሳ መሃል ከተማ ነው፤ ከገብርኤል ብዙም አይርቅም። ሐምሌ 19 ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት፣ እኛ ከመስኮታችን ጀርባ መዝሙሩን እየሰማን ብር እንቆጥራለን። ከመስኮቱ ወዲያ ከሚቆሙት ብዙዎቹ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ፣ ከደመወዛቸው ቀንሰው ለእናታቸው የሚልኩ ልጃገረዶች ናቸው።

አንድ ቀን ከእነርሱ አንዷ ፊቷን በነጠላ ሸፍና መጣች። ከመታወቂያዋ ጋር ለማመሳከር ገለጥ እንድታደርገው ጠየቅኋት። ምነው ባልጠየቅኋት! ከዓይኗ ሥር የበለዘውን አየሁ፤ ከኋላዋ የተሰለፉ አንዲት እናትም አዩ። «ቻዪው ልጄ፣ ጌታም ተሰቅሏል» አሏት። በቅንነት ነው ያሉት። እኔም ማኅተሜን መትቼ «ቀጣይ» አልኩ።

ውድ አንባብያን፣ ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ጌታ መሰቀሉ እውነት ነው። ወንጌላውያኑ ግን ማን አሳልፎ እንደሰጠው፣ ማን እንደገረፈው፣ በማን ችሎት እንደተፈረደበት ጽፈውልናል። የሴቲቱ መከራ ሲነገር ግን መቺው ከታሪኩ ይወጣና መስቀሉ ብቻ ይቀራል። ይህን ዓይነት አነጋገር ከዐውደ ምሕረቱም፣ ከወንጌላውያኑ መድረክም ሰምቼዋለሁ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ያለው የዳዊት ልጅ የትዕማር ታሪክ ነው። አምኖን የታመመ መስሎ ተኛ፤ እንጎቻ ጋግራ እንድታበላው የላካት አባቷ ራሱ ነው። ክፉውን ከመፈጸሙ በፊት ተከራከረችው፤ ነገሩ በእስራኤል የማይደረግ ነውር እንደሆነ፣ ውርደቷንም ይዛ የምትሄድበት እንደሌላት ነገረችው። ልብ በሉ፤ በዚያ ቤት ሕግ ጠቅሶ የተናገረ እርሷ ብቻ ናት። አስወጥቶ በሩን ከዘጋባት በኋላም አመድ ነስንሳ፣ ያማረ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ዝም አላለችም። ዝም ያሰኛት የሚወዳት ወንድሟ አቤሴሎም ነው። ንጉሡ ሰምቶ ተቆጣ፤ ከቁጣው አልፎ አምኖንን ስለመጠየቁ የተጻፈ የለም። (መዝሙረኛ መሆን ከዚህ ዓይነቱ ዝምታ አያድንም፤ ግጥም የምንሞክር ሁሉ እንወቀው።) አቤሴሎም ከሁለት ዓመት በኋላ አምኖንን አስገደለ፤ ሴት ልጁንም ትዕማር ብሎ ጠራት። ስሟን የወደደውን ያህል ያን ቀን ጩኸቷን ቢሰማ ኖሮ እላለሁ።

እኛም አገር የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን ሻረው። ልማዱ ግን በአዋጅ አልሞተም፤ በ2015 ዓ.ም. ጠለፋ ዳግም የሐዋሳ ዜና ሲሆን ሰምተናል። በዚያ ሰሞን ስለ ትዕማር የተሰበከ ስብከት አልገጠመኝም።

ከሴት ወገን ስለሚነሣ ነገረ መለኮት ሲወራ «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ጋናዊቷ መርሲ አምባ ኦዱዮዬ በ1989 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ሴት የነገረ መለኮት ምሁራንን በማኅበር ያሰባሰበችው፣ እምነታቸውንና መከራቸውን በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ ነበር። ግን እስከ ጋና ምን ያስኬደናል? ከቡልጋ ተነሥታ ጣና ላይ በጓንጉት የኖረችው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ፣ ገድሏ እንደሚተርከው፣ ፈጣሪ ከሰይጣን ጋር እንዲታረቅ ለመነች፤ የአዳም ልጆች መከራ ከሥሩ እንዲነቀል ብላ። ሰይጣንን ፍለጋ ሲኦል ወረደች። እጇን ይዞ ሲጎትታት ሚካኤል ደረሰላት፤ ነፍሳትን አስከትላ ወጣች። ዕርቁስ አልሆነም። ድፍረቷ ግን! በዚያ ልመና ውስጥ «ቻዪው» የሚል ቃል ከወዴት ይገኛል?

ገድሉ ሌላም ነገር አይደብቅም። ይህችን ሴት ወደ ምናኔ የመራት፣ በቁጣ አፏ ውስጥ እሳት የከተተችባት አገልጋይዋ መሞት ነው። አገልጋይቱ በጸሎት ተነሣች ይላል። እኔ ግን እዚያ ቦታ ስደርስ ማለፍ ያቅተኛል። በየግቢያችን ጎህ ሳይቀድ የምትነሣውን የቤት ሠራተኛ ካልቆጠረ፣ የሴቶች ነገረ መለኮት ያልነው የእመቤቶች ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ለእኅቶቼ በድፍረት እላለሁ።

ሰባክያንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ያን ምዕራፍ ሳትዘሉ፣ የአምኖንንም ስም ሳትሸፍኑ አንብቡልን።

ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ወደ መስኮቴ አልመጣችም። አሁን ብዙዎቹ ገንዘብ የሚልኩት በስልካቸው ነው፤ ምናልባት እርሷም እንደዚያው ታደርግ ይሆናል።