የብሎኬት ግድግዳን እንደ ክብደት ብቻ የመቁጠር ልማድ

በአዳማ ከተማ የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መንገድ ተከትለው የተሠሩትን ሕንፃዎች ያስተዋለ ሰው አንድ ተደጋጋሚ ቅርጽ ያያል። የላይኞቹ ወለሎች በብሎኬት ተሞልተዋል፤ የምድር ወለሉ ግን ለሱቅ ሲባል በመስታወትና በላሜራ በር ብቻ ተከልሏል። በስሌታችን ውስጥ ግድግዳው በወጋግራው ላይ የሚያርፍ ክብደት ሆኖ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ይረሳል። ይህ አሠራር «ለጥንቃቄ የሚያደላ» ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ግን አልስማማም።

አንድ ቀላል ስሌት እንውሰድ። 40 በ40 ሳ.ሜ. አምዶች፣ 3 ሜትር የወለል ከፍታ፣ 2.6 በ4.6 ሜትር የሆነ ባለ 20 ሳ.ሜ. የብሎኬት ግድግዳ አለን እንበል። የኮንክሪቱን የመለጠጥ ሞጁለስ 30 ጊጋፓስካል፣ የግንቡን 1500 ሜጋፓስካል አድርገን ግድግዳውን በሜይንስቶን ቀመር ወደ ሰያፍ ደጋፊ ብንለውጠው የጎን ግትርነቱ በሚሊሜትር 28 ኪሎኒውተን ገደማ ይሆናል። ስንጥቅን ለማሰብ ግትርነታቸው በግማሽ የተቀነሰና ከላይም ከታችም በጽኑ የተያዙ ሁለት አምዶች ተደምረው የሚሰጡትም ይኸንኑ ያህል ነው። እንግዲህ ግድግዳ ያለበት የላይኛው ወለል ግትርነቱ በእጥፍ ሲያድግ ክፍት የሆነው የምድር ወለል ባለበት ይቀራል፤ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚመጣው መዛባትም በታችኞቹ አምዶች ላይ ይከማቻል። «ጥንቃቄ» የተባለው ስሌት ይህን አያሳይም። ከግድግዳው በላይ ጠባብ መስኮት ሲተው የሚፈጠረው አጭር አምድም እንዲሁ ከሞዴሉ ውጭ ይቀራል።

ይሁንና በድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን ላይም ቅሬታ አለኝ። ሰያፍ ደጋፊው በሶፍትዌር ተተክሎ፣ ውጤቱ እስከ ሦስተኛ አኃዝ ተጽፎ ይቀርባል፤ የግንቡ ሞጁለስ ግን ከሌላ አገር የሸክላ ጡብ ሙከራ የተወሰደ ሆኖ ይገኛል። ከላይ ባለው ምሳሌ ሞጁለሱን 750 ብናደርገው ግትርነቱ ወደ 15 ይወርዳል፤ 3000 ብናደርገው ወደ 53 ይወጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብሎኬት የሚመረተው ብዙ ጊዜ በፑሚስ ነው፤ በየማምረቻው የሲሚንቶው ልክ፣ የውኃ ማጠጣቱ ቀናት፣ የመገጣጠሚያው ሞርታር ይለያያል። ግብዓቱ በዚህ መጠን ሲዋዥቅ ደጋፊው አንድ ይሁን ሦስት ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

የ2015 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የግንባታ ስታንዳርድ የአውሮፓውን ኮድ ተከትሎ ግንብ የተሞሉ ፍሬሞችን የሚመለከት ክፍል ይዟል። ደንቡን የሚያስገድደው ግን ለከፍተኛው የዳክቲሊቲ መደብ ነው፤ ለሌሎቹ እንደ መልካም ልምድ ይመክረዋል። መካከለኛውን መደብ የመረጠ ነዳፊ ክፍሉን ዘሎት ቢያልፍ ኮዱ አይከለክለውም። አዳማ ግን ገና በ1995 (እ.ኤ.አ.) ኮድ ከከፍተኛው የመንቀጥቀጥ ቀጠና የተመደበች ናት። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ታኅሣሥ 26 ቀን መጠኑ 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ሲነሣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ስለዚህ የሚቀጥለው የማስተርስ ተማሪ ሶፍትዌሩን ከመክፈቱ በፊት ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከመተሐራና ከዝዋይ ማምረቻዎች ብሎኬት ሰብስቦ፣ በአካባቢው ግንበኛ ትንንሽ ግድግዳዎች አሠርቶ በቀጥታና በሰያፍ ጫና ቢሰብራቸው እመርጣለሁ። ሥራው አቧራ የበዛበት ነው፤ ባለ ቀለም ሥዕላዊ መግለጫም አያስገኝም። አማካሪዎችም ይህን ብቻ የያዘ ጥናት እንደ ሙሉ ጥናት ሊቀበሉት ይገባል።