ከንድፍ በፊት ጥያቄ

አንባቢ ሆይ፤ አንድ የምሕንድስና ተማሪ «ለመሐል ሜዳ ገበሬ የሚስማማ ቤት ንደፍ» ቢባል አስቀድሞ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል? አብዛኛውን ጊዜ ማስመሪያውን ያነሣል፤ ወይም ኮምፒዩተሩን ይከፍታል። ግድግዳውን በብሎኬት፣ ጣራውን በቆርቆሮ አድርጎ ልኩን ያሰላል። ስሌቱ የተጣራ ሊሆን ይችላል፤ የቀረበለትን ጥያቄ ግን ገና አልተረዳውም።

መሐል ሜዳ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የመንዝ ደጋ ላይ የምትገኝ፣ ሌሊቷ እጅግ የሚበርድ ከተማ ናት። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ ግድግዳውን በድንጋይ ሲያቆም፣ ጣራውን በጓሳ ሣር ሲከድን የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሣር ክዳን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀት ቶሎ አያስወጣም፤ የምድጃውም ጢስ በሣሩ መካከል ሾልኮ ይወጣል። ቆርቆሮ በበኩሉ ዝናብ አያስገባም፤ በእሳትም አይያያዝም። ሆኖም ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ መውጫ ካልተበጀለትም ጢሱን በቤት ውስጥ ያፍናል።

ታዲያ ሣሩን እንምረጥ? ይህም የችኮላ መልስ ነው። ጓሳ ሕዝቡ በየጊዜው እየዘጋ የሚጠብቀው የጋራ ሀብት ስለሆነ ያለ ልክ ቢታጨድ ያልቃል። እንግዲህ እውነተኛው ጥያቄ «ሣር ወይስ ቆርቆሮ?» የሚለው ሳይሆን «ቤተሰቡ ሳይበርደውና በጢስ ሳይታፈን የሚኖርበት፣ በአቅሙም የሚሠራው ቤት ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው እንዲህ ሲስተካከል ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ፣ ከምድጃው በላይ የጢስ መውጫ ማሰብ ይቻላል።

ችኮላው የእኛ ተማሪዎች ጠባይ ብቻ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ተማሪዎችና ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች የልጆች መጫወቻ ሥፍራ ሲነድፉ አነጻጽሮ ነበር። ባለልምዶቹ ችግሩን ለመለየትና መረጃ ለመሰብሰብ ከተማሪዎቹ የበለጠ ጊዜ ወስደው ተገኝተዋል።

ጥያቄ ሲበዛ ሥራ ይጓተታል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። በወረቀት ላይ የተሳሳተ መስመር በላጲስ ይጠፋል፤ በድንጋይ የቆመ ስሕተት ግን የሚታረመው በነዋሪው ገንዘብና ጤና ነው። ስለዚህ መሐንዲስ ለመሆን የምታስብ ሁሉ፣ እርሳስህን ከማንሣትህ በፊት ወደ ቤቱ ግባ፤ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥ፤ የሚኖርበትን ሰው ጠይቅ።