አሮጌው ይታደስ ወይስ አዲሱ ይገዛ?



በጉዳት ምክንያት በሁለት ጎማ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ለተሳነው ወታደር ባለሦስት ጎማው ብስክሌት ያለ ደጋፊ ገበያ የሚያደርስ ባለውለታ ነው። አመራረጡ ግን ማስተዋልን ይጠይቃል።

እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1877 ለዚህ ብስክሌት ዲፈረንሻል ሠርቶለት ነበር፤ ሁለቱ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ። ከዛሬዎቹ ርካሽ ሥሪቶች ብዙዎቹ ግን ኃይሉን ለአንድ የኋላ ጎማ ብቻ ይሰጣሉ፤ በአሸዋና በጭቃ ላይ ይህ ጎማ በቀላሉ ይንሸራተታል።

የአሮጌው ብረት ቢሰነጠቅ በብየዳ ይድናል፤ የኋላ ዘንጉ ከተጣመመ ግን ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። አዲሱ ብዙ ማርሽ ያለው፣ እግርን ብዙ ሳያነሡ የሚወጡበት ሊሆን ይችላል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ብየዳው ልዩ ሙያ ይሻል። ስለሆነም ቀለሙ አያታላችሁ። የኋላውን ከመሬት አንሥታችሁ ጎማዎቹን አሽከርክሩ፤ ዘንጉ ቀጥ ያለ ከሆነ ኩሽኔታውንና ካቴናውን ቀይራችሁ አሮጌውን አድሱ፤ ከተጣመመ ተዉት።

በመጨረሻም፣ ባለሦስት ጎማው በመታጠፊያ ላይ እንደ ባለሁለቱ ስለማይጋደል በፍጥነት ከታጠፈ ይገለበጣል። ከመታጠፋችሁ በፊት ፍሬን ያዙ፤ ሰውነታችሁንም ወደምትታጠፉበት ጎን አዘንብሉ። የመጀመሪያው ልምምድ በሜዳ ይሁን፤ ባለቤትም ከጎኑ ትራመድ እንጂ ከኋላ አትግፋ።