ቤቱ ባለበት ሁኔታ ይሸጥ፤ ፋይሉስ?

ለየካ ክፍለ ከተማ የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጉራራ፣ በቀበና፣ በሾላና በኮተቤ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ሰው አንድ ዓይነት ቤት ደጋግሞ ያገኛል። ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው። ዘመን ሲገፋ ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ በእርጥበትና በምስጥ ይበላል፤ ግድግዳው ወደ ታች ይሰምጣል፤ ልስኑ ይረግፍና ማገሩ ያገጥጣል፤ የዛገው ቆርቆሮ ድንጋይ ተጭኖበት ክረምቱን ይሻገራል። ደላላው ይህን ቤት ሲያስተዋውቅ የክፍሎቹን ብዛት ማንሳት አይጠበቅበትም። «ፈርሶ የሚሠራ፣ 200 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ መኪና የሚያስገባ» ካለ በቂ ነው። ውሉ ላይም ገዢው ቤቱን አይቶና መርምሮ ባለበት ሁኔታ እንደገዛ ይጻፋል። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እንዲህ ያለው ሽያጭ ነው። የቤቱ እርጅና ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይታያል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ነገር ግን የተቀመጠው በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ከመሸጡ በፊት ያንን በጽሑፍ እንዲያገኝ አድርጉ ስንል እንጠይቃለን።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ለሚያውቀው ወይም በግልጽ ለሚታይ ጉድለት ሻጭን አይጠይቅም። ሻጩ አውቆ የሸሸገው ጉድለት ካለ ግን «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ ውል ላይ ማስጻፉ አያድነውም። ለብሎኬት ቤትና ለኮንዶሚኒየም ይህ ድንጋጌ ብዙ ሥራ አለው፤ በልስን የተሸፈነ ስንጥቅ፣ በቀለም የተደበቀ የውኃ ስርገት ይኖራልና። ለመፍረስ የደረሰ ጭቃ ቤት ምን የሚደብቀው አለ? ገዢው ነገ የሚያፈርሰው ግድግዳ ዛሬ ቢዘምም ምን ገዶት! እሱን የሚያስጨንቀው ከአጥሩ ፊት ያለው መንገድ በፕላን ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ሲሰፋ ከግቢው ምን ያህል እንደሚቆርጥ፣ ቦታው ለወንዝ ዳርቻ ከተከለለው ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ ሰፈሩ በመልሶ ማልማት የተያዘ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ከእነዚህ አንዱንም ግድግዳ በማንኳኳት ማወቅ አይቻልም። ይባስ ብሎ ሻጩም አያውቃቸውም። ዕድሜውን የኖረበት ግቢ ላይ የተሰመረውን መስመር አይቶት አያውቅም፤ ያላየውን ደግሞ ሊደብቅም ሊናገርም አይችልም።

ይህ መስመር ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳው የመሬት ሕጋችን ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉ የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ቦታ አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቷል፤ በዚያው አንቀጽ ግን ዜጋው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ቤትና ያደረገው ቋሚ ማሻሻያ የራሱ እንደሆነ፣ የመሸጥና የማውረስ መብትም እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ውሉ የሚጻፈው ስለ ቤቱ ነው። ይሁንና ምስጥ የበላቸው ሦስት ክፍሎች ሚሊዮኖች አያወጡም። ሚሊዮኖቹ የሚከፈሉት ገዢው በቦታው ላይ ነገ ሊሠራ ለሚያስበው ነው። ይህን ገዢም፣ ሻጭም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጮክ ብሎ መናገር ስለማይመች ብቻ ዝም ይባላል።

ያ ነገ ደግሞ በሁለት ሕጎች እጅ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት እንዲይዘው ደንግጓል። ልጅ ከእናቱ ቤት ሲወርስ የይዞታው ዓይነት አይነካም፤ ከልጁ የገዛ ሰው ግን ሊዝ ከፋይ ይሆናል። ገዢው ይህን አስቦ ለሻጩ የሚሰጠውን ይቀንሳል፤ ስሌቱን አስቀድሞ ያላወቀ ሻጭ ቅነሳው ተገቢ ይሁን ከልክ ያለፈ የሚያመዛዝንበት ነገር የለውም። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ከተፈለገ ደግሞ በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ለቤቱ የሚከፈለው ካሳ የሚሰላው ያንኑ ቤት እንደ አዲስ ለመተካት በሚጠይቀው ወጪ ነው። ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤትም ይኖራል። ገዢው በካሬ አስልቶ የከፈለውን ግን የሚመልስለት የለም። እንግዲህ ለመንገድ ወይም ለወንዝ ዳርቻ የተያዘ ግቢና ያልተያዘ ግቢ፣ ጭቃው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በየካ ይህ ስጋት ከባዶ የተነሳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ሲያቅድ መነሻው እንጦጦ ነበር። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከመጀመሪያዎቹ መስመሮቹ አንዱን ከአራት ኪሎ በቀበና በኩል መገናኛ አደረሰው። ሥራዎቹ መሠራት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው የሌላ ደብዳቤ ጉዳይ ነው። እዚህ የሚያገባን ዋጋን በሁለት አቅጣጫ መጎተታቸው ነው፤ አዲሱ መንገድ ዳር የቀረው ግቢ ዋጋው ይሰቀላል፣ መስመሩ የነካው ግቢ ገዢ ያጣል፣ ሁለቱን የሚለያያቸውም አንድ የቆርቆሮ አጥር ሊሆን ይችላል። «ሰፈሩ ሊነሳ ነው» የሚለው ወሬ በደላላ አፍ ሲመላለስ ከርሞ፣ የፈሩ አዛውንት በተገኘው ዋጋ ከሸጡ በኋላ ሰፈሩ ሳይነሳ ቢቀር ትርፉ የማን ነው? ውስጥ አዋቂ ላለው ገዢ ነው። ጡረተኛዋ እናት፣ ቤቱን መከፋፈል አቅቷቸው ሸጠው ለመካፈል የተስማሙ ወራሾች፣ ለማደስ አቅም ያጣ ባለቤት እንዲህ ያለ ሰው የላቸውም።

የሽያጩ ቅደም ተከተልም ጉዳቱን ያባብሳል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ቀብድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ዕዳና እገዳ ለማጣራት፣ ክሊራንስ ለማውጣት፣ ለሰነዶች ማረጋገጫ የሚሆነውን ወረቀት ለማሟላት የሚሯሯጠው። ፋይሉ ውስጥ ያልታሰበ ነገር የሚገኘው በዚህ መሐል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዛል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩ ግን ፍርድ ቤት ነው፣ ቀብዱ ደግሞ ለሕክምና ወይም ለዕዳ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ሌላም አለ፤ ዳር ዳሩን ከመዞር ብናነሳው ይሻላል። አሹራና ቴምብር ለመቀነስ ሲባል ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና እጅ በእጅ የሚቆጠረው ዋጋ የሚለያዩበት ሽያጭ ጥቂት አይደለም። ሽያጩ ከፈረሰ ዳኛው ፊት የሚቀርበው የተጻፈው ነው። ይህን ልማድ አንደግፈውም። ነገር ግን የቦታው ሁኔታ ጨለማ በሆነ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች ወረቀቱን እየሸሹ በቃልና በሽማግሌ መተማመን እንደሚቀናቸው መታወቅ አለበት።

የምንጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። ማንኛውም ካርታ ያለው ባለይዞታ ሲያመለክት አንድ ገጽ የሚሆን የቦታ ሁኔታ መግለጫ ይሰጠው። ቦታው በከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ ሕግ መሠረት ተረጋግጦ የተመዘገበ እንደሆነ፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ የመንገድ ስፋት ወይም የወንዝ ዳርቻ ክልል ከግቢው ስንት ካሬ እንደሚነካ፣ የሚፈቀደው የፎቅ ከፍታ፣ የመልሶ ማልማት ፕሮግራም ካለ በየትኛው ዓመት እንደተያዘ፣ ቢሸጥ ገዢው ላይ የሚመጣው ሊዝ በምን እንደሚሰላ ይገለጽበት። ቀን ይኑረው፣ ማኅተም ይኑረው፣ የሚጸናበት ጊዜ ይጻፍበት። መረጃው አዲስ ጥናት የሚፈልግ አይደለም። የሕንፃ ሕጉ የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የፕላን ስምምነት እንዲያገኝ ስለሚያዝ፣ አብዛኛው ዛሬም በመንግሥት እጅ ተዘጋጅቶ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ለሚገነባው ሰው ነው፤ እሱ ወረቀቱን ሲይዝ ሻጩ ዕቃውን ጭኖ ከሰፈሩ ወጥቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590ም ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለውና መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። ሌላው ዓለምም ይህን ሞክሮታል። ስሙን ለሰፈራችን ባወረሰው በፈረንሳይ አገር ማዘጋጃ ቤቱ ለጠየቀው ሰው የቦታውን የፕላን ሁኔታ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ለ18 ወር ያህልም ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ደንብ ቢለወጥ ለውጡ በያዘው ሰው ላይ አይሠራበትም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የገዢ ጠበቃ ውል ከመፈረሙ በፊት የአካባቢውን ምክር ቤት መዝገብ ማስፈተሹ የተለመደ ነው።

ከእናንተ ወገን ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «መረጃውን ከለቀቅን ደላላ ይጫወትበታል» የሚል ይሆናል። ዛሬስ ማን እየተጫወተበት ነው? ደላላ የሚያተርፈው ሌላው በማያውቀው ነገር ነው። ሻጩ ኪስ ውስጥ ማኅተም ያለው ወረቀት ሲኖር «ውስጥ ሰው ነግሮኛል» የሚለው ነጋዴ የሚሸጠው ነገር ያጣል። መግለጫው ለባለይዞታው ወይም ሕጋዊ ውክልና ላለው ሰው ብቻ ቢሰጥና ማን መቼ እንደወሰደው ቢመዘገብ፣ ቦታ የሚያሳድዱ ሰዎች ሰፈር ሙሉ መረጃ የሚሰበስቡበት መንገድም አይኖርም።

ሁለተኛው ይከብዳል። ፕላን ይለወጣል፤ ዛሬ «ነፃ ነው» ያላችሁት ቦታ ከስድስት ወር በኋላ ለልማት ቢፈለግ ወረቀታችሁን ይዞ የሚከሳችሁ ሰው ሊመጣ ይችላል። ስጋቱን ማቃለል አይገባም፤ የኮሪደር ሥራው ፍጥነት ራሱ ምስክር ነው። ሆኖም አዋጅ 1161 ራሱ፣ አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር፣ ተነሺዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እንዲማከሩ ይላል። አንድ ዓመት ቀድሞ ማማከር የሚችል አስተዳደር ለስድስት ወር የሚጸና መግለጫ መስጠት አያቅተውም። የፈረንሳዮቹን 18 ወር አልጠየቅንም። የጊዜ ገደቡ በግልጽ ከተጻፈበት ወረቀቱ የዘለዓለም ዋስትና ተደርጎ አይወሰድም፤ ዛሬ በቃል የሚነገረው «ችግር የለውም» ግን ቀንም፣ ፊርማም፣ ተጠያቂም የለውም።

ሦስተኛው «መሬት አይሸጥም፤ የመሬት ዋጋ ለሚደራደሩ ሰዎች መንግሥት ወረቀት አያዘጋጅም» የሚል የመርሕ ጥያቄ ነው። መርሑ እንዳለ ይቆይ፤ ደብዳቤው እሱን ለመንካት አልተጻፈም። ባለቤቱ ቤቱን የመሸጥ መብት ካለው ግን ቤቱ የቆመበት ቦታ ምን ግዴታ እንዳለበት ማወቅ የዚያው መብት አካል ነው። መንግሥት አሹራውን ሲቀበልና ሊዙን ሲያሰላ ሽያጩን ያውቀዋል፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ቀድሞ ቢያውቀው ምን ይጎዳዋል?

አራተኛው የሕገ ወጥ ይዞታ ጉዳይ ነው። የከተማ አስተዳደሩ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ከ1,300 ሄክታር በላይ መሬት በሕገ ወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን አስታውቆ ነበር። በዚህ ዓይነት ከተማ የሚሰጥ ማኅተም ያለው ወረቀት ለተጭበረበረ ካርታ ሽፋን እንዳይሆን መጠንቀቅ ተገቢ ነው። መፍትሔው መግለጫውን በምዝገባ ለተረጋገጡ ይዞታዎች መጀመር፣ ላልተረጋገጡትም «ይህ ይዞታ ገና አልተረጋገጠም» ብሎ እቅጩን መጻፍ ነው። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ብዙ ገዢ ከጥፋት ታድናለች። የሠራተኛ እጥረትና የሥራ ብዛት የሚባለውንስ? ተመጣጣኝ የአገልግሎት ክፍያ ይከፈል፤ ባለጉዳይ ደረሰኝ ይዞ ቢከፍል ይመርጣል።

የከተማዋ የአሥር ዓመት መዋቅራዊ ፕላን ዘመን በ2019 ዓ.ም. ያበቃል። ቀጣዩ ሲጸድቅ ብዙ መስመር ይንቀሳቀሳል፤ ወሬውም የዚያኑ ያህል። ስለዚህ አሠራሩ ከዚያ በፊት ቢያንስ በአንድ ወረዳ ይሞከር። ከቀበና ወንዝ አጠገብ ያለ ወረዳ ቢመረጥ እንመክራለን፤ የመንገዱም፣ የወንዙም፣ የመልሶ ማልማቱም ጥያቄ እዚያ ተደራርቦ ይገኛልና። የማመልከቻው ቅጽ፣ የክፍያው ልክና መልስ የሚሰጥበት ቀን በወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጥያቄውን የማትቀበሉትም ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር