ሁለት ድምፅ በአንድ ማይክሮፎን

ሳይመንና ጋርፈንከል ሲባል ትዝ የሚሉን ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው «ዌንስዴይ ሞርኒንግ፣ ስሪ ኤኤም» አሠራር በቅጡ ሲመረመር ግን ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ የነበሩ ሁለት ሰዎችም አብረው ሊነሱ ይገባል፤ ፕሮዲዩሰሩ ቶም ዊልሰንና የድምፅ ባለሙያው ሮይ ሃሊ። አልበሙ ሲወጣ አድማጭ አጣ። በኋላ ዓለም የወደደው የሁለቱ ድምፅ ግን ያኔም እዚያው አልበም ውስጥ ነበር።

ፖል ሳይመንና አርት ጋርፈንከል የኒው ዮርክ፣ የኩዊንስ ልጆች ናቸው። የተዋወቁት በ1953 (እ.ኤ.አ.) በትምህርት ቤት ቴአትር ላይ ነው። በ1957 «ቶም ኤንድ ጄሪ» ተብለው ያወጡት ነጠላ ዜማ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ 49ኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ሙዚቃ አሳታሚው ኮሎምቢያ ሪከርድስ የገቡት እንግዲህ ለረጅም ዓመታት አብረው ዘፍነው፣ አንዱ የሌላውን አዘፋፈን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ ነው።

ቀረጻው በማርች 1964 በሦስት ቀን አለቀ። ያጀቧቸው መሣሪያዎች ጥቂት ነበሩ፤ የሳይመንና የባሪ ኮርንፌልድ ጊታር፣ የቢል ሊ ባስ። ሁለቱ አንድ ማይክሮፎን ፊት አብረው መዝፈንን ይመርጡ ነበር፤ ሃሊም እንደዚያው ይቀዳቸው ነበር። ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ማይክሮፎን ቢኖረው የአንዱን ድምፅ በኋላ ለብቻው ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሁለቱ በአንድ ማይክሮፎን ከዘፈኑ ግን ሚዛኑ የሚጠበቀው እዚያው፣ በዘፋኞቹ ጆሮና ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰው አንድ ሆኖ የሚሰማበት ምስጢር በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

ታዲያ ለምን አልተሰማም? ከ12ቱ ዘፈኖች የሳይመን ድርሰት 5ቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከቦብ ዲላንና ከሌሎች ደራሲዎች፣ ከባህላዊና ከመንፈሳዊ ዜማዎች የተሰበሰቡ ስለነበሩ የራሱ የሳይመን ሥራ በመካከላቸው ተዋጠ። ጊዜውም አልረዳቸውም። ቢትልሶች በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ አሜሪካ ገብተው ወጣቱን በኤሌክትሪክ ጊታር ማርከውት ነበር። አልበሙ በኦክቶበር ወጣ፣ ገበያ አላገኘም፣ ሳይመንም ወደ እንግሊዝ አቀና።

በ1965 ግን በቦስተንና በፍሎሪዳ ተማሪዎች ከአልበሙ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ»ን በሬዲዮ ይጠይቁ ጀመር። በወቅቱ የዲላንም ፕሮዲዩሰር የነበረው ዊልሰን ጁን 15 ቀን ሙዚቀኞች ጠርቶ በድሮው ቅጂ ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ባስና ከበሮ አስጨመረ። ሥራው አስቸጋሪ ነበር፤ ዘፋኞቹ የቀዱት ያለ ከበሮ በመሆኑ ምቱ አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ሙዚቀኞቹም እየተከታተሉ መሄድ ነበረባቸው። ዘፈኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 1966 የአሜሪካ አንደኛ ሆነ።

ብዙ ሰው ዘፈኑን ያዳነው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው ይላል። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ጊታሩ የሬዲዮውን በር ከፍቷል። ነገር ግን ሁለቱ ድምፆች እንደገና አልተቀዱም፤ በ1964 የተዘፈኑት ራሳቸው ናቸው፤ እንዲያውም ከበሮው ነው ለእነሱ ጎንበስ ያለው። የዊልሰን ጆሮ የሚደነቀው መጨመር ያለበትን ብቻ ሳይሆን መነካት የሌለበትንም በማወቁ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ግን ባለቤቶቹን ሳይጠይቅ ነው። ውጤቱ ማማሩ ይህን ጥፋት አይሽረውም፤ የሰው ሥራ ላይ እጅ ከማሳረፍ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ነው።

ለክርክሬ ትልቁ ማስረጃ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኮሎምቢያ ያንኑ የመጀመሪያ አልበም በ1966 እንደገና ገበያ ላይ ሲያወጣው፣ ያለ ኤሌክትሪክ ጊታርና ያለ ከበሮ እንዳለ፣ በቢልቦርድ 30ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1964 ፊት የተነሳው ያው ሥራ ነው፤ የተለወጠው አድማጩ ነው።

የእኛ አገር አድማጭ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን ብሎ የመጠየቅ ጥሩ ልማድ አለው። ማን ቀዳው የሚለውም ይጨመርበት። የጀማሪን አልበም በመጀመሪያው ወር ሽያጭ ብቻ የሚመዝን አሳታሚም ሆነ ሃያሲ፣ ሥራውንም ከሥራው ጀርባ የደከሙትንም ይበድላል።