ልጆች ሌሊት በመኝታቸው ላይ ስለሚሸኑበት ምክንያትና ወላጆች ሊያደርጉት ስለሚገባ ጥንቃቄ

በየቤቱ ከሚገኙት ችግሮች አንዳንዶቹ ከሕመማቸው ይልቅ ኀፍረታቸው ይከብዳል። ልጅ ሌሊት በመኝታው ላይ መሽናቱ ከነዚህ አንዱ ነው። ሳል የያዘውን ልጅ አባቱ ወደ ሐኪም ይወስደዋል፤ መኝታውን ያራሰውን ልጅ ግን ይገርፈዋል፤ ወይም በእኅት ወንድሞቹ ፊት ያዋርደዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናስረዳ ያሰብነው፥ ነገሩ የልጁ ጥፋት እንዳይደለ፥ ዱላም መድኃኒቱ እንዳይደለ ነው።

የእናቶችን ምሬት አንዘነጋውም። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷም እንደ ስሟ ነው። በክረምት የራሰ ጋቢና ምንጣፍ በቶሎ አይደርቅም። ልጁም ቢነቃ እንኳ ከሞቀ መኝታው ተነሥቶ ወደ ጨለማውና ወደ ነፋሱ መውጣት ይፈራል። ሆኖም ብርዱ ችግሩን ያከብደዋል እንጂ ዋናው ምክንያት እርሱ አይደለም። «ቀን በእሳት ስለ ተጫወተ ነው» የሚለውም አነጋገር ልጆችን ከእሳት ለማራቅ ይጠቅም ይሆናል እንጂ እውነትነት የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩላሊት ሌትና ቀን ሽንትን ያጣራል፤ የተጣራውም በፊኛ ይጠራቀማል። የ7 ዓመት ልጅ ፊኛ በግምት 270 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሲመሽ ከአንጎል ሥር የምትገኝ ትንሽ ዕጢ ቫዞፕረሲን የተባለውን ሆርሞን አብዝታ ስለምትሰጥ፥ የሌሊቱ ሽንት ከቀኑ ያነሰ ይሆናል። በአንዳንድ ልጆች ግን ይህ ሥርዓት ዘግይቶ ይጸናል፤ ወይም ፊኛቸው የሌሊቱን ሽንት ሁሉ ለመያዝ አይበቃም፤ እንቅልፋቸውም ከባድ ስለ ሆነ ፊኛው መሙላቱ አያነቃቸውም። የተኛ ልጅ ፈቃዱ ከእርሱ ጋር አይደለችም፤ ፈቃድ በሌለበትም ሥራ ጥፋተኛ ነህ ብሎ መፍረድ አይገባም።

ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሌሊት ቢሸና ሐኪሞች እንደ ችግር አይቆጥሩትም። በ7 ዓመት ዕድሜ እንኳ ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ገና አይተዉትም። ከእነዚህም በየዓመቱ ከ100 15 ያህሉ ያለ መድኃኒት ይተዉታል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ በዘርም ይወረሳል። ስለዚህ ልጁን ለመግረፍ የተነሣ አባት፥ አስቀድሞ ስለ ገዛ ልጅነቱ እናቱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ይህን ችላ ማለት የሚያመጣውን ጉዳት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም የምትገኝበት አገር ነው። ከየአገሩ ለትምህርት የሚመጡ ልጆች በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ያድራሉ። ከመካከላቸው ይህ ችግር ያለበት ቢኖር፥ ጓደኞቹ እንዳያውቁበት ይጨነቃል፤ ቀኑን ሁሉ ውሃ ሳይጠጣ ይውላል፤ በመጨረሻም ምክንያቱን ለመምህሩ ሳይናገር ትምህርቱን ትቶ ሊሄድ ይችላል። ብልህ መምህር እንዲህ ያለውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ቢያጽናናው አንድ ተማሪ አተረፈ ማለት ነው።

በቀን የሚያመልጥ ሽንት ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልጆች ሽንታቸውን ይዘው ከመቆየታቸው የተነሣ ነው። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ የቆሸሸ ወይም መዝጊያ የሌለው ሲሆን፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች እግራቸውን አጣምረው እስከ ማታ ይታገሣሉ። የሆድ ድርቀትም ፊኛን ስለሚጫን ችግሩን ያብሳል። ልጅ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ሳይቸኩል ይሽና፤ የትምህርት ቤት ሹማምንትም መጸዳጃውን ያስጠብቁ።

6 ወር ያህል ሳይሸና ቆይቶ እንደገና የጀመረ ልጅ ቢኖር፥ ምን እንዳገኘው መመርመር ይገባል። የወላጅ ሞት፥ የቤት ጠብ ወይም ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ከተማ በገባ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለውን ቀን ያየ ልጅ ፍርሃቱ በሌሊት ቢገለጥ አይደንቅም። እርሱን መግረፍ በፍርሃት ላይ ፍርሃት መጨመር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ልጁ ውሃውን በቀን በደንብ ይጠጣ፤ ከመኝታው 2 ሰዓት በፊት ግን ይቀንስ፤ ማታ ሻይና ቡና አይስጡት። ሲተኛ ይሽና፤ ወደ ውጭ እንዳይወጣም ፖፖ በአጠገቡ ይቀመጥለት። ልብሱን ሲያነሣ ሥራ መልመዱ እንጂ ቅጣቱ አይሁን። ሌሊት ቀስቅሶ ማሸናት የዚያችን ሌሊት መኝታ ያድናል እንጂ ችግሩን አያስወግድም። እ.ኤ.አ. በ1938 ሞረር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት እርጥበት ሲነካው ደወል የሚደውል ምንጣፍ ጠቃሚ መሆኑን በጽሑፍ ገልጠዋል፤ ይህ መሣሪያ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ዴስሞፕሬሲን የተባለም መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ አይሰጥም።

ልጁ ውሃ እጅግ እየጠማው ከከሳ ግን የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሲሸና ቢያመው፥ ትኩሳት ቢኖረው፥ ሽንቱ ደም ቢመስል፥ ሌትና ቀን ቢንጠባጠብ ወይም እግሩ ቢደክም እንዲሁ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ከዚህ የቀረውን ጊዜ ያድነዋል። ልጁ አድጎ መኝታውን ማራሱን ሊረሳው ይችላል፤ በሰው ፊት መዋረዱን ግን አይረሳውም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ጧት የራሰውን ልብስ ስታነሡ የልጁን ክብር ጠብቁለት።