«መመሪያ ነው» ብቻ አይበቃም

እኛ ዕጩ መምህራን «ለውጥ» የሚለውን ቃል በየኮርሱ እንሰማለን። ለውጡን ለመምህሩ ስለሚያደርሰው ኃላፊ ጠባይ ግን እምብዛም አይነገረንም።

በ1964 ዓ.ም. የተዘጋጀውን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ጥናት እንውሰድ። ለሕፃናት ሁሉ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ ይል ነበር፤ እንዲሁ የሚጣል ሐሳብ አልነበረም። ነገር ግን መምህራን አልተማከርንም አሉ፤ ወላጅም የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቀር ነው ብሎ ሰጋ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም ሳይሠራበት ቀረ።

ዛሬስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ውሏል። ለልምምድ በወጣንበት አንድ የቦሌ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ አንዲት አንጋፋ መምህርት፣ «አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ እየሆነ እንዴት ላስተምር?» ብለው ጠየቁ። መልሱ «መመሪያ ነው» ሆነ። ኧረ መመሪያ መሆኑንማ ማን አጣው! መምህርቷ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ እሳቸውንም ከበላይ ሪፖርት አምጡ የሚል አለባቸው። ቢሆንም በማግስቱ አንድ ክፍለ ጊዜ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ቢያዩ ምን ይጎድልባቸው ነበር? መጽሐፍ ማሳተም አይችሉም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ማዋዋስ፣ ፕሮግራሙንም ለዚያ እንዲመች ማድረግ ግን በእጃቸው ነው።

የልምምድ ቅጻችን ስለ ትምህርት ዕቅድና ስለ ሰሌዳ አጠቃቀም ይጠይቃል። «ርእሰ መምህሩ ስንት ጊዜ ክፍል ገብተው አዳመጡ?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመርበት መምህሮቻችንን እንጠይቃለን።